ላፕቶፔን ቀየሩብኝ፣ ጣቶቼ ጠፉብኝ

ጥያቄ፦

«ወንድሜ እንደምን ነህ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከ15 ዓመት በላይ የሰው ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እየጻፍኩ ነው የኖርኩት። በ2014ቱ ጦርነት ኮምፒውተሮቼ በሙሉ ሄዱ። በአንድ ያገለገለ ላፕቶፕ እንደገና ጀመርኩ፣ ኋላ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ጨመርኩ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር የእህቴ ልጅ አለ። ‹ዊንዶውስ 10 አብቅቶለታል፣ ይሄ ላፕቶፕ ደግሞ 11ን አይችልም› ብሎ እሁድ ማታ ፎርማት አድርጎ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሌላ ሲስተም ጫነልኝ። ሰኞ ጠዋት አማርኛ መጻፍ አቃተኝ። የድሮ ፋይሎቼን ገልብጦ አስቀምጦልኛል፣ ግን ስከፍታቸው ግማሾቹ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ናቸው። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ‹ምነው ዛሬስ?› ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ። በአንድ ጣት ፊደል ስለቅም ዋልኩ። ዴስክቶፑ ላይ ዊንዶውሱ እንዳለ ነው፣ ግን ስለሚንቀራፈፍ ለስካን ብቻ ነው የምጠቀምበት። ዊንዶውሱን ላስመልሰው? ክራክ የሆነ 11 የሚጭን ሰው አግኝቻለሁ። ልጁንስ ልቆጣው? ወይስ በ43 ዓመቴ ከዚህ በኋላ አይገባኝም ልበል?»

ግራ የገባኝ፣ ከደሴ

መልስ፦

አብሽሪ እህቴ።

ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። «ላብ አጠመቀኝ» ያልሽበት ቦታ ላይ ቆም አልኩ። ሰው ፊት፣ በገዛ ሙያ፣ በገዛ ሱቅ እጅ ሲታሰር እንዴት እንደሚያም አውቀዋለሁ። እኔም ወደ ሊኑክስ የዞርኩ ሰሞን የምፈልገውን ነገር በደንብ እያወቅኩ እጄ ሌላ ቦታ እየሄደ አስቸግሮኝ ነበር።

የዕድሜውን ነገር መጀመሪያ እናንሳው። አንቺ 15 ዓመት ሙሉ ኪቦርድ ሳታዪ ነው የምትጽፊው። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ፊደሉ የሚኖረው ጣቱ ላይ ነው። «ጠ የቱ ጋ ነው?» ብለው ቢጠይቁት መልሱን ለማግኘት አየር ላይ ጣቱን ማንቀሳቀስ አለበት። ለዚህ ነው ኪቦርድ ሲቀየር ከጀማሪው ይልቅ ባለሙያው የሚሰቃየው፤ ጀማሪ የሚረሳው ነገር የለውማ። ያንቺ ችግር 43 ዓመትሽ ሳይሆን 15 ዓመት በደንብ መሥራትሽ ነው። እሱ ደግሞ በልምምድ ይስተካከላል፣ ቃሌን እሰጥሻለሁ።

አሁን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። እንጀራሽንና ትምህርትሽን ለያዪ። ለሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ደንበኛ ፊትሽ ቆሞ የሚጠብቀውን ሥራ ሁሉ ዴስክቶፑ ላይ ሥሪ፣ ቢንቀራፈፍም ይንቀራፈፍ። ላፕቶፑን ማታ ሱቁን ስትዘጊና ሰው በሌለበት ሰዓት ክፈቺው። ሰው እያየሽ አዲስ ነገር አትማሪም፤ ማንም አይማርም። ልጁ «ዴስክቶፑንም ልቀይረው» ቢልሽ በፍጹም እምቢ በይ። እሱን ለሌላ ነገር እንፈልገዋለን፣ እነግርሻለሁ።

ልጁ ያለው ነገር እውነት ነው ወይ? አዎ፣ እውነቱን ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ይሄ ማለት ግን ኮምፒውተሩ በዚያ ቀን ሞተ ማለት አይደለም። ይነሳል፣ ይጽፋል፣ ፕሪንት ያደርጋል። የቀረው የደኅንነት አፕዴቱ ነው። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ በመደበኛው መንገድ የሚደፍንልሽ የለም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው የሚቀበለው። ያገለገሉ ሆነው ከሚገዙት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከዚያ በታች ናቸው። እና ልጁ የመረጠልሽ ነገር ትክክል ነው። ያጠፋው ሰዓቱን ነው። እሁድ ማታ! የሰኞ ገበያ ዋዜማ! ከገጠር የሚመጣው ሰው ሁሉ ማመልከቻውን ይዞ በርሽ ላይ በሚሰለፍበት ቀን ዋዜማ ማሽን ፎርማት አይደረግም።

ክራክ የሚጭነውን ሰው ተዪው። ይሄን ጠንከር አድርጌ የምነግርሽ አንቺ ጋ ያለው የራስሽ ፋይል ብቻ ስላልሆነ ነው። አስቢው፦ ስካን ያደረግሽው የቀበሌ መታወቂያ፣ የፋይዳ ካርድ፣ የቤት ካርታ፣ የውክልና ወረቀት። ዊንዶውሱን ሳይገዙ ለመክፈት የሚጫነው የክራክ ፕሮግራም «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ነው የሚልሽ። አጥፍተሽ ያስገባሽው ነገር ውስጥ ምን እንዳለ ልታውቂ አትችዪም። ሰው መታወቂያውን አምኖ ሰጥቶሻልና ይሄን በር አትክፈቺ። ዴስክቶፑንም ቢሆን ዊንዶውሱ እስካለ ድረስ ከኢንተርኔት ነቅለሽ ተጠቀሚበት። ለጽሑፍና ለስካን ኢንተርኔት አያስፈልግሽም።

አሁን ወደ ዝብርቅርቁ ልምጣ፣ ዋናው ራስ ምታት እሱ ነውና። ፋይሎችሽ አልተበላሹም። ድሮ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ሲሠሩ ኮምፒውተሩ ግዕዝ ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ሠሪዎቹ ዘዴ ፈጠሩ። ውስጥ ውስጡን የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ ከላይ የአማርኛ ቅርጽ ያለብሰዋል። ያ ፎንት ያለበት ኮምፒውተር ላይ «ማመልከቻ» ይነበባል። ፎንቱ የሌለበት ላይ ልብሱ ይወልቅና ከሥር ያለው ይታያል። ሰኞ ዕለት ያየሽው እሱን ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ግን ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት ሥርዓት በ3.0 ስሪቱ የግዕዝን ፊደል አስገባ፣ እያንዳንዱ ፊደልም የራሱን ቁጥር አገኘ። «ሀ» 4608 ነው። ደሴም ጻፍሽው ቶኪዮ፣ በስልክም ጻፍሽው በላፕቶፕ፣ 4608 ነው። ግማሹ ፋይልሽ ደህና ሆኖ የተከፈተው በዩኒኮድ ስለተጻፈ ነው።

የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ዴስክቶፑ ላይ ፋይሉን ክፈቺና አንድ መስመር ኮፒ አድርገሽ ኖትፓድ ላይ ፔስት አድርጊው። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ዩኒኮድ ነው፣ የትም ይከፈታል። ዝብርቅርቅ ከሆነ የድሮው ነው። ለወደፊቱም ዴስክቶፑ ላይ አዲስ ነገር ስትጽፊ ስሙ ላይ «ዩኒኮድ» የሚል ያለውን ፎንት ምረጪ፤ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት አለ። ኒያላ የሚባለው ፎንትም ዩኒኮድ ነው።

ለድሮዎቹ ፋይሎች ሁለት ነገር ታደርጊያለሽ። አንደኛ፣ ፎንቶቹን ከዴስክቶፑ ላይ በፍላሽ ገልብጠሽ ላፕቶፑ ላይ ጫኚ። ፎንቱን ሁለቴ ክሊክ ስታደርጊው «ኢንስቶል» የሚል ቁልፍ ይመጣል፣ በቃ። አብዛኛው ፋይል ያኔ ይነበባል፣ ፕሪንትም ይወጣል። ግን አዲስ ነገር በዚያ ፎንት ላፕቶፑ ላይ አትጽፊም፤ የሚያስጽፈው ፕሮግራም የዊንዶውስ ነው። ሁለተኛ፣ እንዳይለወጡ የምትፈልጊያቸውን፣ ለምሳሌ የተፈረሙ ውሎችን ቅጂ፣ እዚያው ዴስክቶፑ ላይ ፒዲኤፍ አድርጊያቸው። ፒዲኤፍ ፎንቱን አቅፎ ነው የሚሄደው።

ቀጥሎ ኪቦርዱ። ልጁን «አይባስ በሚባለው ውስጥ ኤም17ኤንን ጫንልኝና አማርኛ ሴራን ምረጥልኝ» በዪው፣ ይገባዋል። ኪማን የሚባል ሌላ የኪቦርድ ፕሮግራምም አለ፣ ነፃ ነው፣ እሱም ይሠራል። አንዱን ብቻ ያዢ እንጂ ሁለቱን አትቀላቅዪ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የምትቀይሪው አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር በመጫን ነው። የሴራ አጻጻፍ በድምፅ ነው የሚሄደው። ተነባቢውን ብቻ ስትነኪ ሳድሱ ይመጣል፤ አናባቢ ስትጨምሪ ይለወጣል። ኃምሱ ላይ ተጠንቀቂ፣ «ሌ» ለማለት ካፒታሉን «ኢ» (E) ነው የምትነኪው። ሸ ያለው «ኤክስ» ላይ ነው። ጠ ካፒታል «ቲ»፣ ጨ ካፒታል «ሲ»፣ ኘ ካፒታል «ኤን»። ሁለት ነጥቧን ሁለቴ ስትነኪ አራት ነጥብ ትሆናለች። ኮማ ነጠላ ሰረዝ ይሆናል።

ሁሉንም እንዳትሸመድጂ። ከለመድሽው የሚለዩብሽን ብቻ፣ ምናልባት ስምንት ወይ አስር ፊደል፣ በወፍራም እስክሪብቶ ካርቶን ላይ ጻፊና ከስክሪኑ ሥር ለጥፊ። ኪቦርዱ ላይ ስቲከር አትለጥፊ። ስቲከር ዓይንሽን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ አንቺ ደግሞ ወደ ታች ማየት ከተውሽ 15 ዓመት ሆኖሻል። ካርቶኗ ግን ከፊትሽ ናት፤ ቀና እንዳልሽ ታያታለሽ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሳታያት መዋልሽ ትዝ ይልሻል።

ምን እየጻፍሽ ትለማመጂ? ይሄን ነው በጣም የምወደው። የሱቅሽ ገቢ የቆመባቸው ናሙናዎች አሉሽ አይደል? የቤት ኪራይ ውል፣ የመኪና ሽያጭ ውል፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የዝውውር ጥያቄ፣ የልደት ካርድ ማመልከቻ፣ የብድር ውል። ቢበዛ አስራ አምስት ቢሆኑ ነው። ሁሉም በድሮው ፎንት ናቸው ብዬ እገምታለሁ። በየማታው አንድ አንዱን ከወረቀት እያየሽ ላፕቶፑ ላይ እንደ አዲስ በዩኒኮድ ጻፊ። ቃላቱን በቃልሽ ታውቂያቸዋለሽ፤ «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጠቀሰው» ስትዪ ጭንቅላትሽ ሥራ የለውም፣ ስለዚህ ሙሉ ትኩረትሽ ጣትሽ ላይ ይሆናል። የመጀመሪያው ውል አንድ ሰዓት ይፈጅብሽ ይሆናል። አትደንግጪ። አምስተኛው ላይ ስትደርሺ ልዩነቱን ራስሽ ታዪዋለሽ። ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ ናሙናዎችሽ በሙሉ የትም የሚከፈቱ ሆነው ይጠብቁሻል፣ በስልክሽ በቴሌግራም ለደንበኛ ልትልኪው ትችያለሽ። ከዚያ ውጭ ለልምምድ ብሎ «ሀለሐመ» መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው።

የጽሑፉ ፕሮግራም ሊብረኦፊስ ነው። ዎርድን ለምታውቂ አንቺ ይሄ ብዙ አይከብድሽም። ኮንትሮል ሲ፣ ኮንትሮል ቪ፣ ኮንትሮል ዜድ፣ ኮንትሮል ፒ ሁሉም እንደነበሩ ናቸው። ሁለት ነገር ግን ዛሬውኑ አስተካክዪ። ካልቀየርሽው ፋይል የሚያስቀምጠው በራሱ ዓይነት ነው፤ ደንበኛ ወስዶ ሌላ ቦታ ሲከፍተው ችግር ሊገጥመው ይችላል። «ቱልስ» ከዚያ «ኦፕሽንስ» ከዚያ «ሎድ ሴቭ» ውስጥ ገብተሽ ሁልጊዜ በዎርድ ዓይነት እንዲያስቀምጥ አድርጊው። እዚያው አካባቢ በራሱ የሚያስቀምጥበትን ደቂቃ ወደ 2 አውርጂው። መብራት ሲሄድ ትመርቂኛለሽ።

የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሲመጣ ግን ጠንቀቅ በዪ። ዎርድ ላይ የተሠራ 80 ገጽ ሊብረኦፊስ ላይ ስትከፍቺው 83 ገጽ ሊሆን ይችላል። ታይምስ ኒው ሮማን ሊኑክሱ ላይ ከሌለ ስፋቱ የሚመሳሰል ሌላ ፎንት ይተካዋል፤ ደህና ነው፣ ግን ሰንጠረዥና ማውጫ ሊንሸራተት ይችላል። ማውጫው ላይ ያለው የገጽ ቁጥር ከተሳሳተ ደግሞ ተማሪውን አማካሪው ይመልሰዋል። ስለዚህ ለፕሪንት ብቻ ከሆነ የመጣው «ፒዲኤፍ አድርገህ አምጣልኝ» በዪ። ማስተካከል ካለበት ዴስክቶፑ ላይ ሥሪው።

ፍላሽ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የሰው ሥራ አጥፍቻለሁ። አንዲት ተማሪ ፍላሿን ሰጠችኝ፣ ፋይሏን ገለበጥኩላት፣ ስክሪኑ ላይ የሚሞላው መስመር ሞልቶ ጠፋ፣ ነቅዬ ሰጠኋት። ማግስቱን መጣች፤ ፋይሉ ስሙ አለ፣ ውስጡ የለም። ሊኑክስ ወደ ፍላሽ ሲገለብጥ መስመሩ «ጨርሻለሁ» ካለ በኋላም ከኋላ እየጻፈ ሊቆይ ይችላል። የፍላሿን ትንሽ መብራት እዪያት፣ ስትርገበገብ ገና ናት። ፋይል ማሳያው ላይ ከፍላሹ ስም ጎን ወደ ላይ የምታመለክት ትንሽ ምልክት አለች። እሷን ንኪ፣ «አሁን መንቀል ትችያለሽ» የሚል መልእክት እስኪመጣ ጠብቂ፣ ከዚያ ንቀዪ። ወረፋ ቢኖርም ጠብቂ።

ፍላሽ ካነሳን ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። ያ ፎልደሩን ደብቆ በምትኩ ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ፣ በየቀኑ የሚያታግልሽ፣ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ላፕቶፑ ላይ ስትሰኪው አይነሳም። የተደበቀው ፎልደርም ግልጥ ብሎ ይታያል፣ አንዳንዴ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ገብቶ ታገኚዋለሽ። ፋይሉን አውጥተሽ ሾርትከቱን ታጠፊና ፍላሹን ትመልሺለታለሽ። «ፋይሌ ጠፋብኝ» ብሎ እያለቀሰ የሚመጣ ተማሪ ስንት አለ? እሱን ለማዳን ብቻ እንኳ ይሄ ላፕቶፕ ሱቅሽ ውስጥ ቦታ አለው።

ሌላው ጥቃቅን ነው። «ሲ ድራይቭ» የሚባል የለም፣ ያንቺ ነገር ሁሉ «ሆም» ውስጥ ነው። አዲስ ፕሮግራም ስትጭኚ ፓስወርድ ይጠይቅሻል፤ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ከሆነ ስትጽፊ ነጥብ እንኳ ላይታይ ይችላል፣ እየጻፈ ነውና ጨርሰሽ ኢንተር በዪ። የፋይል ስም በእንግሊዝኛ ስታወጪ ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያል። በአማርኛ ከሰየምሽው ያ ጣጣ የለም፣ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። ፕሪንተርሽ ኤችፒ ከሆነ ብዙዎቹ ገና ሲሰኩ ይታወቃሉ። ሌላ ከሆነ ልጁ ሞዴሉን ይዞ ይፈልግ፣ ካልሆነም ፒዲኤፍ አድርገሽ በዴስክቶፑ አውጪ።

ሦስት ሳምንት ሞክረሽ ካልሆነስ? ያኔ ብትመለሺ አልወቅስሽም፣ የሥራ ዕቃ ነው። ለአንዳንድ ሰውማ ገና ከመጀመሪያው አትቀይር እላለሁ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፒችትሪ ላይ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ቢጽፍልኝ ሊኑክስ አልለውም፣ ፕሮግራሙ የዊንዶውስ ነውና። ያንቺ ሥራ ግን ጽሑፍ፣ ፕሪንት፣ ስካንና ፍላሽ ነው። አራቱም እዚያ አሉ። አሁን ብትመለሺ የምትመለሺው በሰኞው ድንጋጤ ነው፣ በድንጋጤ የተወሰነ ነገር ደግሞ እኔ አልወድም።

ልጁን አትቆጪው። ላንቺ አስቦ ነው፣ ያለውን ዕውቀት ነው የሰጠሽ። ግን ሳይጠይቅሽ እንዳይነካ ንገሪው፣ ይሄን የመናገር መብት አለሽ። ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ሲመጣ ቡና አፍዪና ከጎንሽ አስቀምጪው። አንድ ሕግ ይኑራችሁ፦ እሱ ይናገር፣ የምትነኪው አንቺ ነሽ። ኪቦርዱም ማውዙም አንቺ እጅ ይሁን። እነዚህ ልጆች «እንዲህ ነው» ብለው ጠቅ ጠቅ ጠቅ አድርገው ሲጨርሱ ያየሽው ነገር አይኖርም። ቢቸኩልም ይታገሥ። መጀመሪያ ፎንቶቹን ከዴስክቶፑ አስገልብጪው፣ ቀጥሎ አማርኛ ኪቦርዱን አስጭኚው፣ ሦስተኛው ስኒ ላይ ስትደርሱ የቤት ኪራይ ውሉን አውጪና እሱ እያነበበልሽ ጻፊ።